ውሃን በየዲግሪው የሚያሳይ ነጻ ሠንጠረዥ፦ የኒስት ዌብቡክ የፈሳሾች ገጽ ሲገመገም

ስለ ውሃ በትምህርት ቤት የምንይዛቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በረዶ ይሆናል፣ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ አንዱን ኪሎ ግራም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ይጠይቃል። እነዚህ ቁጥሮች ሐሰት አይደሉም፤ ይሁንና እያንዳንዳቸው የሚይዙት በተወሰነ መጠነ ሙቀትና በተወሰነ ግፊት ነው። ከዚያ ፈቀቅ ሲባል ሁሉም ይለወጣሉ፤ የሚለወጡትም በአንድ አቅጣጫና በእኩል ፍጥነት አይደለም። የሙቅ ውሃ መስመር የሚነድፍ መሐንዲስ፣ የመለኪያ ዕቃውን ትክክለኛነት በውሃ የሚፈትሽ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ወይም ለክፍል ሙከራ የሚዘጋጅ የፊዚክስ መምህር «በ63 ዲግሪ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ሲገጥመው ከጥቅል ቁጥር የተሻለ ነገር ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምህጻሩ ኒስት፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ኬሚስትሪ ዌብቡክ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ የፈሳሾችን ባሕርያት እያሰላ የሚያቀርበው ገጽ ነው።

ፍርዴን ከመነሻው ላስቀምጥ። ጥያቄውን ይዞ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ነጻ ሠንጠረዥ አላየሁም፤ ለመማር ብቻ ለሚመጣ ሰው ግን ገጹ ዝም ይላል። ቁጥሩን ያቀርባል፣ ኩርባውንም ይስላል፤ ኩርባው ለምን በዚያ ቦታ እንደታጠፈ ግን አንድም ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። የውሃ ጉዳይ ደግሞ ያለው እጥፋቶቹ ላይ ነው፤ ሌሎች ፈሳሾች ሲሞቁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄዱበት ቦታ ውሃ ይመለሳል፤ የሚመለስበትም መጠነ ሙቀት ለእያንዳንዱ ባሕርይ የተለየ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን የምመዝነው እነዚህን መመለሻዎች ምን ያህል በግልጽ እንደሚያሳይ በመመልከት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው ከ70 በላይ ከሆኑ ፈሳሾች መካከል ውሃን ይመርጣል፣ የመለኪያ አሃዶቹን ይወስናል፣ ከዚያም የሚፈልገውን የሠንጠረዥ ዓይነት ይለያል። ግፊቱን አጽንቶ መጠነ ሙቀቱን መለዋወጥ፣ መጠነ ሙቀቱን አጽንቶ ግፊቱን መለዋወጥ፣ እፍግታውን፣ ማለትም በአንድ ይዘት ውስጥ ያለውን የቁስ መጠን፣ አጽንቶ መሥራት፣ ወይም ፈሳሹና እንፋሎቱ ተመዛዝነው አብረው በሚኖሩበት መስመር ላይ መጓዝ ይቻላል። መነሻውን፣ መድረሻውንና እርምጃውን ሲያስገባ ገጹ እፍግታን፣ ውስጣዊ ኃይልን፣ ኤንታልፒን (ውስጣዊ ኃይል ሲደመር የግፊትና የይዘት ብዜት)፣ ኤንትሮፒን፣ ሙቀት የመያዝ አቅምን፣ የድምፅን ፍጥነት፣ ቪስኮሲቲንና ሙቀት የማስተላለፍ አቅምን በአንድ ሠንጠረዥ ይደረድራል። ከሠንጠረዡ ጋር ግራፍም ይቀርባል፤ ውጤቱንም እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል አውርዶ በማናቸውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም መክፈት ይቻላል። ምዝገባ የለም፣ ክፍያም የለም።

ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለው ቀመር የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የውሃና የእንፋሎት ባሕርያት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ለሳይንሳዊ አገልግሎት ያጸደቀው፣ በቫግነርና በፕሩስ የተዘጋጀው የሁኔታ እኩልታ (ግፊትን፣ መጠነ ሙቀትንና እፍግታን የሚያያይዝ ቀመር) ሲሆን፣ ዝርዝሩ በ2002 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ገጹን ከብዙ ተመሳሳዮቹ የሚለየው አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ የእኩልታውን የስሕተት ህዳግ ከውጤቱ ጋር ያስቀምጣል። በመደበኛ የከባቢ አየር ግፊት ለፈሳሽ ውሃ የእፍግታው ህዳግ 0.0001 በመቶ ብቻ ነው፤ ለድምፅ ፍጥነትና ለሙቀት መያዝ አቅም ግን በፈሳሹ ውስጥ እስከ 0.1 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማስታወሻ ከገጹ ግርጌ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ የሚያስከትለውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእፍግታ እንጀምር። ግፊቱን 0.101325 ሜጋፓስካል ላይ፣ ማለትም መደበኛው የከባቢ አየር ግፊት ላይ፣ አጽንተን ከ0.01 እስከ 20 ዲግሪ በትንንሽ እርምጃ ብንጓዝ፣ ሠንጠረዡ በመነሻው አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 999.84 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ያሳያል፤ ከዚያ ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ በ4 ዲግሪ አጠገብ 999.97 ይደርሳል፤ ከዚያ ተመልሶ በ10 ዲግሪ 999.70፣ በ20 ዲግሪ 998.21 ይሆናል። ትክክለኛው ጫፍ 3.98 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ምክንያቱ ሁለት ተቃራኒ ዝንባሌዎች መኖራቸው ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ትስስር ሲያያዙ እያንዳንዱ አራት ጎረቤቶችን ይዞ ብዙ ባዶ ቦታ ያለው አደረጃጀት መሥራት ይፈልጋሉ፤ በረዶ ይህ አደረጃጀት ሙሉ በሙሉ የጸናበት ነው። ፈሳሹ ከዜሮ ተነሥቶ ሲሞቅ ይህ ክፍት አደረጃጀት እየፈረሰ ሞለኪውሎቹ ይቀራረባሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሙቀት እንቅስቃሴ እንደማንኛውም ፈሳሽ እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። ከ3.98 ዲግሪ በታች የመጀመሪያው ያሸንፋል፣ ከዚያ በላይ ሁለተኛው። በቀዝቃዛ ወራት ጥልቅ የጨው አልባ ሐይቅ ከላዩ በረዶ ሲለብስ ከሥሩ 4 ዲግሪ አካባቢ የሚቆየው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ገጹ የሚመሰገንበት ነገር አለ። ግፊቱን ወደ 10 ሜጋፓስካል ከፍ አድርጎ ያንኑ ሠንጠረዥ ደግሞ ማስላት የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ጫፉ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ በ20 ሜጋፓስካል አካባቢ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ግፊት ክፍቱን አደረጃጀት አስቀድሞ ስለሚያፈርሰው ሙቀት የሚያፈርሰው ብዙ አይቀረውም። «ውሃ በ4 ዲግሪ ከሁሉ ይከብዳል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ሐረግ የአንድ ግፊት እውነት መሆኑን የታተመ ሠንጠረዥ እንዲህ በቀላሉ አያሳይም። ከታሪክ አንጻርም አንድ ነገር ላክል፦ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1964 ሊትር ይተረጎም የነበረው አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በከፍተኛ እፍግታው ላይ የሚይዘው ይዘት ተብሎ ነበር፤ ያ ይዘት ከአንድ ኪዩቢክ ዴሲሜትር በ28 ሚሊዮንኛ ያህል ይበልጥ ስለነበር ትርጉሙ ተሰርዟል። በዛሬው ሠንጠረዥ 1,000 ሳይሆን 999.97 የሚለው ቁጥር የዚያ ልዩነት ቅሪት ነው።

ለተግባር ሥራ ግን ከጫፉ ይልቅ ከጫፉ በኋላ ያለው መውረድ ይበልጥ ያስፈልጋል። እፍግታው በ50 ዲግሪ 988.0፣ በ80 ዲግሪ 971.8፣ ከመፍላቱ በፊት ደግሞ 958.4 ነው። አንድ ዝግ የማሞቂያ መስመር በ20 ዲግሪ 1,000 ሊትር ውሃ ቢይዝና ወደ 80 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ያ ውሃ 27 ሊትር ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ፈሳሽ ውሃ በቀላሉ ስለማይታመቅ የመስፋፊያ ጋን የሌለው መስመር ግፊቱን አይችለውም። መውረዱ ቀጥ ያለ አለመሆኑንም ግራፉ በግልጽ ያሳያል፤ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ የሚጠፋው 2.6 ኪሎ ግራም ሲሆን ከ80 ወደ 90 የሚጠፋው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነጥብ ይዞ በመካከላቸው ቀጥታ መስመር የሚያሰምር ሰው ይሳሳታል።

ሙቀት የመያዝ አቅም ሌላው ባለመመለሻ ባሕርይ ነው። ከዜሮ አጠገብ በኪሎ ግራምና በዲግሪ 4.22 ኪሎ ጁል ሆኖ ይጀምራል፤ እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ወርዶ 4.18 ላይ ይረጋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወጥቶ በ100 ዲግሪ አጠገብ መልሶ 4.22 ይደርሳል። ለውጡ በጠቅላላው አንድ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ለአብዛኛው ስሌት አንድ ቋሚ ቁጥር መያዝ ነውር የለበትም። አስቀድሞ የጠቀስኩት የስሕተት ህዳግ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ነው። ሠንጠረዡ ይህን ባሕርይ በአምስት አሃዝ ስለሚያትም፣ ተማሪ ዓምዱን ዓይቶ ዝቅተኛው ነጥብ በዚህ ዲግሪ ከዚህ አሥረኛ ላይ ነው ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል፤ ሆኖም በ30 እና በ40 ዲግሪ መካከል ያለው ልዩነት ከተገለጸው 0.1 በመቶ ህዳግ እጅግ ያነሰ ነው። እኩልታው ራሱ ዝቅተኛ ነጥብ አለው፤ የተፈጥሮው ዝቅተኛ ነጥብ በትክክል እዚያው ላይ ስለመሆኑ ግን የመጨረሻዎቹ አሃዞች ምስክር አይሆኑም። ገጹ ህዳጉን ከግርጌ ከማኖር ይልቅ በየዓምዱ አናት ቢያስቀምጠው ይህ ፈተና ይቀንስ ነበር።

መመለሻ የሌለው፣ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚለወጠው ቪስኮሲቲ ነው፤ ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየው የውስጥ መጎተት ማለት ነው። በዜሮ ዲግሪ አጠገብ 1.79 ሚሊፓስካል ሰከንድ የነበረው በ20 ዲግሪ 1.00፣ በ50 ዲግሪ 0.547፣ በ100 ዲግሪ 0.282 ይሆናል፤ በጠቅላላው ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ አካባቢ አንድ ዲግሪ ብቻ ሲጨምር 2.4 በመቶ ያህል ስለሚወርድ፣ በቪስኮሲቲ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም ልኬት የውሃውን መጠነ ሙቀት ሳይመዘግብ ከተወሰደ ዋጋ የለውም። ፓምፕ የሚመርጥ፣ በአሸዋ ማጣሪያ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት የሚያሰላ፣ ወይም ደለል በውሃ ውስጥ የሚሰምጥበትን ፍጥነት የሚተነብይ ባለሙያ ከእፍግታ ይልቅ ይህን ዓምድ አስቀድሞ ሊያይ ይገባል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በማጣሪያ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያልፈው በክብደቱ ሳይሆን በመጎተቱ ነው።

መጠነ ሙቀቱን አጽንቶ ግፊቱን በሚለዋውጠው የሠንጠረዥ ዓይነት ደግሞ ያልተለመደ ነገር ይታያል። አብዛኞቹ ፈሳሾች ሲጨመቁ መጎተታቸው ይበዛል፤ ውሃ ግን ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን ግፊት ሲጨመርበት በመጀመሪያ ይሳሳል፤ የሚወፍረው ግፊቱ እጅግ ከበረታ በኋላ ነው። ምክንያቱ በእፍግታው ያየነው ክፍት አደረጃጀት ነው፤ ግፊቱ ትስስሩን ሲያዛባ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ለመተላለፍ ይቀላቸዋል። በ5 ዲግሪ እና በ60 ዲግሪ ሁለት ሠንጠረዥ አስልቶ ጎን ለጎን ማስተያየት ለአንድ የክፍል ውይይት በቂ መነሻ ነው። መምህራን ይህን ቢሞክሩት እመክራለሁ።

የድምፅ ፍጥነት ዓምድ ከሁሉ የወደድኩት ነው። በዜሮ አጠገብ ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,402 ሜትር ይጓዛል፤ በ20 ዲግሪ 1,482፣ በ25 ዲግሪ 1,497 ይደርሳል፤ በ74 ዲግሪ አካባቢ 1,555 ሜትር ላይ ከፍ ብሎ ይቆምና ከዚያ መውረድ ይጀምራል፤ በ100 ዲግሪ 1,543 ያህል ነው። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፈሳሹ ለመታመቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግርና ምን ያህል እፍግታ እንዳለው። ፈሳሽ ሲሞቅ በቀላሉ የሚታመቅ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ውሃ ግን ከዜሮ ሲነሣ እየሞቀ በሄደ መጠን ለመታመቅ ይበልጥ ያስቸግራል፣ ይህም ጠባዩ መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሲለካ 46 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይመለሳል። እፍግታው በአንጻሩ ይወርዳል። ሁለቱም ለውጦች መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱን ስለሚጨምሩ ኩርባው ሽቅብ ይሄዳል፤ በኋላ የመታመቅ ቅለቱ ሲያይል ይወርዳል። የመታመቅ ባሕርይ በሠንጠረዡ ውስጥ ራሱን የቻለ ዓምድ የለውም፤ ሆኖም በአንድ መጠነ ሙቀት ላይ በሁለት ተቀራራቢ ግፊቶች ያለውን እፍግታ ወስዶ ልዩነቱን በእፍግታውና በግፊቱ ልዩነት በማካፈል በቀላሉ ይገኛል። በድምፅ ሞገድ የውሃ ፍሰት የሚለኩ መሣሪያዎች መጠነ ሙቀትንም አብረው የሚለኩት ፍጥነቱ እንዲህ ስለሚለዋወጥ ነው።

ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በአጭሩ ይታለፍ። ከዜሮ አጠገብ 0.556 ዋት በሜትርና በኬልቪን፣ በ20 ዲግሪ 0.598፣ በ100 ዲግሪ 0.677 ነው፤ ማለትም ብዙዎቹ ፈሳሾች ሲሞቁ በሚቀንሱበት ባሕርይ ውሃ ይጨምራል። ጫፉ 130 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በመደበኛ ግፊት አይታይም፤ ውሃው አስቀድሞ ይፈላል። ግፊቱን 1 ሜጋፓስካል ላይ ካደረጉት ግን ውሃው እስከ 180 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ ኩርባው ሲወጣም ሲመለስም በአንድ ግራፍ ላይ ይገኛል።

ስለ መፍላት ካነሣን፣ ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቀም ሰው የሚደነቅበት አንድ ቁጥር አለ። በ0.101325 ሜጋፓስካል ግፊት ፈሳሹ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ረድፍ 100 ሳይሆን 99.97 ይላል። የኮምፒዩተር ስሕተት አይደለም። የሴልሺየስ መለኪያ በአንድ ወቅት በውሃ መርጊያና መፍያ የታሰረ ነበር፤ አሁን ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የመጠነ ሙቀት መለኪያ ሲለካ ውሃ በመደበኛ ግፊት የሚፈላው ከ100 በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነው። በዚያው ረድፍ ላይ እፍግታው ከ958.4 ወደ 0.598 ይወድቃል፤ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል ማለት ነው። የድምፅ ፍጥነቱም ከ1,543 ወደ 472 ሜትር ይዘላል። ገጹ ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድ መጠነ ሙቀት ላይ በሁለት ረድፍ ስለሚያስቀምጣቸው ሽግግሩ አይሰወርም።

የፈሳሽና የእንፋሎት ሚዛን ሠንጠረዡ ደግሞ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ውሃ በማንኛውም መጠነ ሙቀት የራሱ የእንፋሎት ግፊት አለው፤ በ20 ዲግሪ 2.34 ኪሎ ፓስካል፣ በ50 ዲግሪ 12.35፤ ይህ ግፊት በዙሪያው ካለው ግፊት ጋር ሲተካከል ውሃው ይፈላል። በዚህም የአየር ግፊት 70 ኪሎ ፓስካል በሆነበት ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ፣ 0.5 ሜጋፓስካል ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ደግሞ በ152 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ በቀጥታ ይነበባል። የፈሳሹንና የእንፋሎቱን ኤንታልፒ አቀናንሶ የትነት ሙቀትን ማግኘት ይቻላል፤ አንድ ኪሎ ግራም ለማትነን በዜሮ አጠገብ 2,501 ኪሎ ጁል፣ በ100 ዲግሪ 2,256፣ በ200 ዲግሪ 1,940፣ በ300 ዲግሪ 1,405 ያስፈልጋል። የቁጥሮቹ መውረድ እየፈጠነ መሄዱን ልብ ይሏል። በ373.946 ዲግሪና በ22.064 ሜጋፓስካል፣ ክሪቲካል በሚባለው ነጥብ ላይ፣ ፈሳሹና እንፋሎቱ እኩል 322 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ እፍግታ ይዘው ልዩነታቸው ይጠፋል፤ የትነት ሙቀትም ዜሮ ይሆናል።

የገጽ ውጥረትም፣ ማለትም የፈሳሹ ላይኛ ገጽ እንደተወጠረ ሽፋን የሚሆንበት ኃይል፣ የሚገኘው በዚሁ ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የሠንጠረዥ ዓይነቶች የመረጠ ሰው ዓምዱን አያገኘውም። በ0 ዲግሪ 75.6 ሚሊኒውተን በሜትር፣ በ20 ዲግሪ 72.7፣ በ50 ዲግሪ 67.9፣ በ100 ዲግሪ 58.9 ሆኖ በክሪቲካል ነጥብ ይጠፋል። እጥፋት የለውም፣ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ሙቅ ውሃ ጠባብ ቀዳዳና የጨርቅ ክር ውስጥ ከቀዝቃዛው ይልቅ በቀላሉ የሚገባው አንድም በዚህ፣ አንድም በቪስኮሲቲው መቀነስ ነው፤ የሁለተኛው ድርሻ ግን እጅግ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ሠንጠረዡ ከ0.01 ዲግሪ በታች አይወርድም። ስለዚህ በረዶ የለበትም፤ በረዶ በዜሮ ዲግሪ 917 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ብቻ እፍግታ ይዞ በዘጠኝ በመቶ ያህል እንደሚሰፋ፣ ወይም አንድ ኪሎ ግራሙን ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ገደማ እንደሚያስፈልግ ከዚህ ገጽ ማወቅ አይቻልም። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ውሃም የለበትም። ይህ ሁለተኛው ጉድለት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የውሃ እንግዳ ጠባያት ይበልጥ የሚጎሉት እዚያ ነው፤ እፍግታው በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ 998 ይወርዳል፣ ሙቀት የመያዝ አቅሙም ይጨምራል። ለኬሚስት ደግሞ ዲኤሌክትሪክ ቋሚው፣ ማለትም ውሃ በኤሌክትሪክ ሙሌቶች መካከል ያለውን መሳሳብ ምን ያህል እንደሚያዳክም የሚገልጸው ቁጥር፣ መቅረቱ ትልቅ ክፍተት ነው። ይህ ቁጥር በዜሮ ዲግሪ 88 ያህል፣ በ25 ዲግሪ 78.4፣ በ100 ዲግሪ 55.5 ሲሆን፣ ውሃ ጨዎችን የማሟሟት ኃይሉ በሙቀት እንዴት እንደሚለወጥ ለመረዳት የግድ ያስፈልጋል። የመስፋፋት መጠን ቋሚም ተጠቃሚው ራሱ ከእፍግታው ማስላት ይኖርበታል።

የአጠቃቀሙ ችግሮች ቀላል ናቸው፤ ግን አሉ። ገጹ በራሱ የሚያስቀምጣቸው አሃዶች ለኬሚስት የሚመቹ ናቸው፤ መጠነ ሙቀቱ በኬልቪን፣ እፍግታው በሞል በሊትር፣ ኃይሉ በኪሎ ጁል በሞል ይመጣል። መሐንዲሱ ሁሉንም ወደ ሴልሺየስና ወደ ኪሎ ግራም ካልለወጠ የሚያገኘው የውሃ እፍግታ 55 አካባቢ የሆነ፣ ምንም የማይመስለው ቁጥር ነው። አሃዶቹን ከስሌቱ በፊት ማስተካከል አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጀማሪ ግን አያውቀውም። ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ግራፉ የሁለቱን ዘንጎች ባሕርይ ለመምረጥ ያስችላል፤ ይሁንና ሁለት ግፊቶችን በአንድ ሥዕል ላይ ደርቦ ለማየት ውጤቱን አውርዶ በሌላ ፕሮግራም መሳል ያስፈልጋል።

ሥራው በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የማቀዝቀዣ ሥርዓት በኮምፒዩተር ለሚያስመስል ሰው፣ ገጹን እየከፈቱ መገልበጥ ትርጉም የለውም፤ ኩልፕሮፕ የተባለው ነጻና ክፍት የፕሮግራም ስብስብ ለውሃ ያንኑ የ1995 እኩልታ ስለሚጠቀም የተሻለ ምርጫ ነው። ለእንፋሎት ተርባይን ስሌት ፍጥነት ሲፈለግ ደግሞ ያው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ለኢንዱስትሪ ያወጣው ቀመር አለ። በአንጻሩ ከባድ ውሃ፣ ማለትም ሃይድሮጅኑ በዲውተሪየም የተተካው፣ እዚሁ ገጽ ላይ በፈሳሾቹ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ የእፍግታው ጫፍ 11.2 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከተራው ውሃ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል።

ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ግን ይህን ገጽ ፈጽሞ መጠቀም የለበትም። እዚህ ያለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው ሲጨመር ከፍተኛው እፍግታ የሚገኝበት መጠነ ሙቀት መርጊያው ከሚወርድበት ፍጥነት በላይ ይወርዳል፤ ጨዋማነቱ በኪሎ ግራም 24.7 ግራም ገደማ ሲያልፍም ጫፉ ከመርጊያው በታች ይሆንና በተግባር ይጠፋል። የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ 35 ግራም ገደማ ስለሚይዝ እስኪረጋ ድረስ እየከበደ ይሄዳል፤ የ4 ዲግሪው ሕግ እዚያ አይሠራም። ለዚያ ሥራ ቴኦስ-10 የሚባለው፣ የባሕር ውሃን፣ በረዶንና እርጥብ አየርን አንድ ላይ የያዘው ዓለም አቀፍ የስሌት ደረጃ ተዘጋጅቷል፤ እርሱም በነጻ ይገኛል።